የፖርቶ መጋላ ሳይንስ፦ ብስክሌት፣ በግና ሦስቱ የከተማ መውጫዎች

ብስክሌት ሁለት ጎማ አለው፤ የሠሩትም ሰዎች ይንከባለል ብለው ነው። ይህ ዕቃ በምን ምክንያት አራት ጎማ ባለው ሌላ ዕቃ ላይ ታዝሎ ከከተማ እንደሚወጣ በአገራችን ገና በቅጡ አልተጠናም። ጉዳዩ ግን ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገዶች ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲጀመር፣ ዳር ሰፈር ለሚኖር አባወራ አንድ ረቂቅ ጥያቄ ተደቅኖ ነበር፤ መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ የሚነዳውን ብስክሌት እዚያ የሚያደርስለት መኪና ከየት ይምጣ?

ቤተሰቡ ከከተማ ልውጣ ካለ ካሉት በሮች ሦስቱ እነዚህ ናቸው። አንዱ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ይገባል። ሁለተኛው በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ ገፈርሳ ግድብ ይወስዳል። ሦስተኛው አየር ጤናንና ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መናገሻ ሱባ ደን አለ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ሆኖም አንዱ በር የሚወደውን ጭነት ሌላው አይወደውም።

የሱሉልታው ዳገት ነው። ሯጮቻችን እዚያ የሚሰለጥኑት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ይህ ለሯጭ ሀብት ሲሆን፣ የልጁን ብስክሌት ከኋላ እየገፋ ለሚያለከልክ አባት ግን ከእንጦጦ ማዶ ድረስ ጭኖ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ ነው። የሰበታው መንገድ ሲኖትራክ ይበዛበታል። ከሰበታ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር እንኳ አለ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል፤ የአየር ጤናን ልጅ ከነብስክሌቱ ሰበታ ማድረስ ግን ሥራው አይደለም። ቡራዩ ቅርብ ስለሆነ ለሳይንሱ ብዙም አልጠቀመም።

በውጭ አገር የመኪና ጣሪያ መጫኛ የሚሠራ ኩባንያ አለ። በዘርፉ ስሙ የገነነው የስዊድኑ ቱሌ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያ ምርቱ የዓሣ ወጥመድ ነበር። ከዓሣ ወደ መኪና ጣሪያ እንዴት እንደተወጣ ለሌላ ጥናት እንተወው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የመኪና ጣሪያ መጫኛዎች ነፋስ እየገፉ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ጋሎን ቤንዚን እንደሚያስበሉ ገምተዋል። ባዶውንም ቢሆን መጫኛው ይበላል። የአገራችን ሹፌር ይህን ግኝት ቀድሞ ስለደረሰበት ፖርቶ መጋላውን፣ ማለትም የጣሪያ መጫኛውን፣ ባዶ አያስኬድም።

እዚህ ላይ በግ ይገባል። የዓውዳመት ሰሞን በጎጃም በር፣ ማለትም በሱሉልታው መንገድ፣ የሚገባውን ሚኒባስ ጣሪያ ያየ ሰው፣ አገሪቱ በጭነት አስተሳሰር ከማንም እንዳልዘገየች ይገነዘባል። በግ አራት እግሩ ሲታሰር ይታጠፋል፤ ብስክሌት አይታጠፍም። በግ መንሸራተት ሲጀምር ይጮኻል፤ ብስክሌት ቃል ሳይተነፍስ ይወርዳል። ደግሞም በጉን የሚያስረው ረዳት የዓመታት ልምድ አለው። ገመዱን ከብረቱ ጋር አንድ ጊዜ ጠምዝዞ፣ በጉልበቱ ተደግፎ ይስበዋል፤ ከዚያ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሂድ!» ይላል። ይህ መታ መታ ምን እንደሚለካ አይታወቅም፤ ሳይመታ የሄደ ጭነት ግን የለም።

የግል መኪናው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙ ትንንሽ መኪኖች በመመሪያ መጽሐፋቸው ለጣሪያቸው የሚፈቅዱት ክብደት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው። የሁለት ጎልማሶችና የሁለት ልጆች ብስክሌት አንድ ላይ 50 ኪሎ ቢሞላ አያስገርምም። መጫኛው ራሱ ገና አልተመዘነም። ቤተሰቡ ሰፈር ውስጥ ብየዳ ቤት ካሠራው ደግሞ ባይመዘን ይሻላል፤ በቱቦላሬ የተሠራ መጫኛ ከሚሸከመው ብስክሌት ሊከብድ ይችላል። «ስንት ዓመት ይቆያል?» ተብሎ የተጠየቀ በያጅ «ከመኪናው በኋላም ይኖራል» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው።

ጣሪያ ላይ የቆመ ብስክሌት ለመኪናው አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይጨምርለታል። ይህን ቤተሰቡ ሲወጣ ያስታውሰዋል። ማታ ደክሞት ሲመለስ የግቢው በር ክዳን ያስታውሰዋል።

ስለዚህ አንዳንዶች ከኋላ ማንጠልጠልን ይመርጣሉ። ነፋሱ ይቀንሳል፤ መጫኛው የኋላ ኮፈኑ ላይ በማሰሪያ ይወጠራል፤ ወይም ጋንቾ ላላት መኪና ጋንቾው ላይ ይሰካል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይህን መንገድ የሚመርጡ ይመስላል፤ አንዳንዶቹ ጣሪያቸው መስታወት ነው፤ ነፋስ የሚበላውም የባትሪ ኪሎ ሜትር ነው። የኋላው መጫኛ ዋና ጉድለት ከሜካኒክ ሳይሆን ከሕግ ወገን ይመጣል።

«ታርጋህ የታለ?»

«ከብስክሌቱ ጀርባ ነው፣ ጌታዬ።»

ፍጹሙ መጫኛ የታየው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ከኋላው የሚከተሉት የቡድን መኪኖች ጣሪያ ላይ መለዋወጫ ብስክሌቶች ተደርድረው ቆመው ነበር። ብስክሌተኛው ጎማው ቢፈነዳ ሜካኒኩ ዘሎ ወርዶ በሰከንዶች ውስጥ አንዱን ያወርዳል። የእኛ ረዳት በበኩሉ ለመፍታት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ የእሱ ቋጠሮ ለመፍታት አይደለማ የተሠራው።

መኪና የሌለው ቤተሰብ፣ ማለትም አብዛኛው ቤተሰብ፣ ይህን ሁሉ ምርጫ በአንድ ድርድር ይጨርሰዋል። አዲሱ ገበያ ላይ አንዲት እናት ልጅና ትንሽ ብስክሌት ይዛ የሱሉልታ ሚኒባስ ስር ቆማለች።

«ማዘር፣ የብስክሌቱ ለብቻ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ የልጅ ብስክሌት እኮ ነው!»

«ልጅ ከታቀፉት አይከፍልም። ብስክሌቱንም ከታቀፉት አይከፍልም።»

እናትየዋ ጥቂት አስልታ ብስክሌቱን ታቀፈች። ልጁ ወንበር ያዘ፤ ሙሉ ሒሳብም ተከፈለለት።