ምስማር መምታት ክልክል ነው

መሥሪያ ቤታችን "የፈጠራ ክፍል" ከፍቷል። ድሮ የተሰበሩ ወንበሮችና ያረጁ ፋይሎች ይታጎሩበት የነበረው ክፍል ነው። የዲኮር ባለሙያ መጣና አንዱን ግድግዳ በሰው ሠራሽ ሣር አለበሰው። ሣር ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ያልለበሰ ካፌ ፈልጎ ማግኘት እያቃተ ስለሆነ ዝም አልኩ። ወለሉ ላይ ደግሞ ቢጫና ብርቱካናማ የከረጢት መቀመጫዎች ተዘረገፉ። ቅርፅ የላቸውም፤ ቅርፃቸው የተቀመጠባቸው ሰው ነው።

በምርቃቱ ዕለት ለጡረታ የተቃረቡት የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫቱ ግጥም አድርገው መጡና አንዱ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ዋጣቸው። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር እኩል ሆነ። ንግግሩ ተደርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ "እናንተ ሂዱ፤ እኔ ትንሽ ላስብበት" አሉ። ኋላ ላይ ሁለት ጥበቃዎች ጎትተው አወጧቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ የፈለቀ ብቸኛው የፈጠራ ሐሳብ የእሳቸው ሰበብ ይመስለኛል።

ለነገሩ ማን ገብቶ ያፈልቃል? ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ሐሳብ የመጣለት ሠራተኛ እንደ ወረቀትና እስክሪብቶ ክፍሉንም በሞዴል 20 ይጠይቃል። አስፈርሞ ሲገባ ደግሞ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይቀበለዋል፦ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ ቡና ይዞ መግባት፣ ግድግዳው ላይ መለጠፍ፣ መጻፍና መደገፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ይህን ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የነበረው ሕንፃ 20 ነው። እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነቱ ጥድፊያ፣ ለራዳር ምርምር ተብሎ በእንጨት የተገጣጠመ ቤት ነበር። ሙቀት ሲሆን ይጋግራል፤ ብርድ ሲሆን ያንዘፈዝፋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ይፈርሳል ቢባልም የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። (ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነገር ዕድሜው እንደሚረዝም ለእኛ አይነገረንም።) በዚያ ጎስቋላ ቤት ኖአም ቾምስኪ የቋንቋ ጥናትን ገለባብጧል፤ አማር ቦዝ ድምፅ ማጉያውን ሲፈታና ሲገጥም ከርሟል። እዚያ የሠሩ ሰዎች ስለ ቤቱ ሲያወሩ ውበቱን አያነሡም፤ የሚያነሡት "አትንካ" የሚል ሰው አለመኖሩን ነው። ሽቦ መዘርጋት ያሻው ግድግዳውን ይበሳል። ክፍሉ የጠበበው ያፈርሳል። ጄሮልድ ዘካርያስ የተባለው ፊዚሲስት የአቶሚክ ሰዓት ሲሠራ መሣሪያው ከክፍሉ ቁመት በለጠበት፤ ሁለት ወለል አስነሥቶ አቆመው። ሁለት ወለል! እኛ ዘንድ አምፖል ለማስቀየር ደብዳቤ ይጻፋል።

ጸጥታ ያስፈልጋል የሚለውንም ብዙ አላምንበትም። ራቪ መህታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ 70 ዴሲቤል ገደማ የሆነ ጫጫታ ከ50 ይልቅ ለፈጠራ ሲያግዝ፣ 85 ሲደርስ ግን ጥቅሙ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። የሰፈራችን ካፌ በማኪያቶው ማሽንና በሲኒው ኳኳታ ሰባውን ይሞላል፤ አጠገቡ ያለው ብረታ ብረት ቤት ግራይንደሩን ሲያስነሣ ከሰማንያ አምስቱም ሳያልፍ አይቀርም። እኔ የምጽፈው መብራት ሲጠፋባቸው ነው።

የእኛዎቹ የቅኔ ተማሪዎችስ? ጎጇቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ በጀርባዋ በር ቢከፍቱባት ጠያቂ የላቸውም። ቅኔ ቆጠራ ሲሆን ደግሞ ጎጆዋም ትቀራለች፤ አንዱ ዛፍ ሥር፣ ሌላው አጥር ጥግ፣ ለምዱን ተከናንቦ ለብቻው ያጉተመትማል። ማታ ለመምህሩ ሲነግር ቢበላሽበት መምህሩ ያርሙታል እንጂ "ብርቱካናማ መቀመጫ አጥተህ ነው" አይሉትም።

የተከራየሁት ቤት ውስጥ ለመጻፊያ የምትሆን አንዲት ጥግ አለችኝ። የጠዋት ፀሐይ ታስገባለች፣ ጠረጴዛ ትችላለች። የጎደላት አንድ መደርደሪያ ነው። ውላችን ላይ ግን "ምስማር መምታት ክልክል ነው" የሚል፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንቀጽ አለ። እሑድ አከራዬ ቡና ሲጠሩኝ አጋጣሚውን ተጠቅሜ ስለ ሕንፃ 20 አጫወትኳቸው። አቦሉ እስኪያልቅ በጥሞና ሰሙኝ።

"ሁለት ወለል?" አሉ ሲኒያቸውን አስቀምጠው።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ባለቤቱ የት ሄዶ?"

"ባለቤት እንኳን… የዩኒቨርሲቲው ነው።"

"በለኛ የቀበሌ ቤት ነው! እሱንማ ማን ይቆጣዋል፤ ይኼ እኮ የላቤ ነው፣ ልጄ።"

በረካው ላይ ግን ራሩልኝ። መደርደሪያዬን እንድሰቅል ፈቀዱ፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ አምስት መቶ ብር ኪራይ ጨምሬ።