«ፋሲልን ሳልልኝ»

ጎንደር ላይ ደብተር ይዞ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሰላም አያገኝም። እርሳሱ ወረቀት ሳይነካ ከኋላው አንድ ሰው ይቆማል፤ ወዲያው ሦስት ይሆናሉ። አንደኛው «ምንድን ነው የምትጽፈው?» ይላል። ሁለተኛው «ይሄማ አይመስልም» ይላል። ሦስተኛው፣ እሱ መቼም አይቀርም፣ «ፋሲልን ለምን አትስልም?» ይላል። ጀርባዬን ለግንብ ሰጥቼ መቀመጥ የለመድኩት ከዚህ የተነሳ ነው። ጀማሪ መጥቶ ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረውም ይህንኑ ነው፦ ስለ ቀለም በኋላ እናወራለን፣ አሁን ጀርባህ ግድግዳ ይንካ።

ፋሲልን እኮ ስያለሁ። እስኪያንገሸግሸኝ ስያለሁ። የከተማችን ሠዓሊ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ግንብ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙው እዚያው መቅረቱ ነው። ማማዎቹን ያቆማል፣ ከኋላ ብርቱካናማ ጀንበር ይለጥፋል፣ ከፊት እንስራ ያዘለች ሴት ይጨምራል፣ ይሸጣል። አንዱን ካየህ ሁሉንም አየህ። ማን ግንቡ ሥር ቆሞ እንደሳለ፣ ማን ከፖስት ካርድ እንደገለበጠ ግን ማማው ራሱ ያሳብቃል። ከታች ሆነህ ስታየው ክቡ ጠርዝ ወደ ላይ ይጎብጣል። ገልባጩ በቀጥታ መስመር ይቆርጠዋል፤ ማማው የዘይት ቆርቆሮ ይመስላል። ይህን ለመማር ደግሞ የመግቢያ ትኬት መክፈል አያስፈልግም። ቡና ስትጠጣ ሲኒህን ከዓይንህ በላይ አንሳው፣ ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ አፉ እንዴት እንደሚጎብጥ እይ። አብረውህ የሚጠጡት «ምን ነካው?» ይሉሃል። ይበሉ።

ሁለተኛው ጣጣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1880 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ተርፎ ለእኛ ደርሷል፤ እኛ ደግሞ ጣራው ላይ ያሉትን ፊቶች ፍየል ቆዳ ላይ እያባዛን ጨረስናቸው። ከጣራው የተገለበጠ አለ፣ ከግልባጩ የተገለበጠ አለ፣ የግልባጩ ግልባጭ ደግሞ አለ፤ መጨረሻ ላይ መልአኩ የደነገጠ ሰው ይሆናል። መገልበጥን አልጠላም። የጥንቶቹ የጎንደር ሠዓልያንም በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሮም ከታተመ የዓረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ወስደዋል፤ ግን የወሰዱትን ጎንደሬ አድርገውታል። አንተም ከጣራው ግልበጥ። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ደግ አደረጉ፣ ብርሃን ቀለም ይበላል። ስልክህን ኪስህ ክተትና አንድ ፊት ብቻ መርጠህ አንድ ሰዓት ተቀመጥ። ቅንድቡና አፉ ከጎረቤቱ ትንሽ እንደሚለይ ያኔ ታያለህ። አንገትህ ይታመማል፤ እሱን ምን ላድርግልህ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጀማሪ ስለሚቀለው ፊትን በጎን መሳል ይወዳል። በእኛ አገር የቆየ አሣሣል ግን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በአንድ ዓይን በጎን የሚሳለው ክፉው ነው። እናቴን በጎን ስዬ ባሳየኋት ጊዜ «አንተ! ይሁዳ አደረግኸኝ?» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። የፊቷ ጥላም ጥላሸት መስሎ ነበር፤ በቡናማው ላይ ጥቁር ለውሼ ነበርና። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ ማስገባት የጀመሩት ሠዓልያን ፊት አላከሰሉም። ለጠይም ፊት ጥላ ቀይና ሰማያዊ ለውስ፤ ጥቁሩን ቱቦ ከተቻለ ቤትህ አታስገባው።

ቱቦ ካልን ዘንድ፣ የሚያልቀው ሁልጊዜ ነጩ ነው። ሱቅም ውስጥ የሌለው ነጩ ነው። «አረንጓዴ አለ» ይሉሃል፤ አረንጓዴ ምን ያደርግልኛል? አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ተለምኖ፣ ገንዘብ ተሰጥቶት፣ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት፣ የግድግዳ ቀለም ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የተገኘ ዕለት ነጩን እጥፍ አድርገህ ግዛ። የተዘጋጀ ሸራ ዋጋውን ሰምቼ አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወዲህ አቡጀዲ እገዛለሁ፣ አናጢ ከጣለው ጠርብ ፍሬም እመታለሁ፣ ጨርቁን ከመሃል ወደ ማዕዘን እየወጠርኩ እቸነክራለሁ፣ ነጭ የአናጢ ኮላ በውሃ አቅጥኜ እቀባለሁ። ሲደርቅ ያ ዘመዴ ያመጣው የግድግዳ ቀለም ሁለት እጅ። በሁለቱ መካከል በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ለዘመናት ይቆያል አልልህም፣ ለልምምድ ግን ይበቃል።

ጨርቅ ላይ መሳል ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል ብዙው ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። የተለጠፈ ደግሞ ይላጣል። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እዚህ ጎንደር ከርሞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላጠ፤ አብሮት የነበረው ሠዓሊ ጋስተን ሉዊ ሩ በምትካቸው አዲስ ሥሎ ለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ስለዚህ አንድ የጎንደር ጀማሪ የሰፈሩን ሥዕል ለመገልበጥ እርሳስ፣ ላጲስና የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቪዛ ጠያቂው «የጉዞህ ምክንያት?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። «ሰፈሬን ለማየት።»

የካሜራ ሰዎችስ ከእኛ የተሻሉ ይመስላችኋል? እኔም ሥዕል እንጀራ ስለማይሆን በጥር ሰርግ አነሳለሁ። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ነጠላ፣ የቀትር ፀሐይ፤ ካሜራው በነጩ ይታለልና ሙሽራዋን ከሰል አድርጎ ያወጣታል። ከዚያ አክስት «ልጃችንን አጠቆርካት» ትላለች፤ ኤዲት ስታደርገው ደግሞ «ይህች ማን ናት?» ትላለች። መፍትሔው ሰዎቹን ከጥድ ጥላ ሥር ማስገባትና ብርሃኑን በፊቷ መለካት ነው፤ በስልክ ከሆነ ፊቷን ነካ አድርጎ ትንሽ ወደ ላይ መሳብ። ግን ማን ጥላ ሥር ይገባልሃል? ሁሉም መነሳት የሚፈልገው ፋሲል ፊት ለፊት ነው። በስድስት ሰዓት።

ጥምቀት ላይ የባሰ አለ። ፋሲል መዋኛ ዳር ሌሊት ገብተህ ቦታ ብትይዝም ውሃው በተባረከባት ቅጽበት ከፊትህ አርባ ክንድ ከአርባ ስልክ ጋር ይነሳል። የሦስት ዓመት ፎቶዬ የሰው ክርን ነው። በአራተኛው ተስፋ ቆርጬ ጀርባዬን ለውሃው ሰጠሁና የሚረጨው ውሃ የሚያርፍባቸውን ፊቶች አነሳሁ፤ ሰው ያየልኝ እነዚያን ብቻ ነው። ካሜራውን በፌስታል መጠቅለል እንዳይረሳ። እኔ ረስቼ ሌንሴ ውስጥ እስካሁን ጉም አለ።

ስለ ስሜን ተራሮች ብዙ አልልም፤ እዚያ የሚያማርረኝ ብርዱ ነው። ሳንቃበር ካምፕ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሞቶ ይነሳል። ብብትህ ሥር ይዘኸው እደር። ጭላዳ ስታነሳ ደግሞ ቁመህ አትተኩስ፣ ቁጭ በል፤ ሣሩን እየነጨ ራሱ ይመጣል። ስካውቱ ሰዓቱን ያያል፤ ዝም በለው።

ወደ ከተማ ስትመለስ መብራት የለም። ኮምፒውተሩ ግማሽ ቪዲዮ ውጦ ይጠፋል፤ ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው ሴቭ፣ ፋይሉም ሁለት ዲስክ ላይ፣ ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ አንድ ቤት አይደሩ። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጥ የሚሉ አሉ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየ ጊዜ የት ነበሩ? ትምህርቱንም ከዩቲዩብ እንማር ስንል ያው ነው። ትምህርት ቤት የፈለገ አዲስ አበባ፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሂድ ይሉናል፤ ኪራዩን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ግን ዝም ነው። ደግሞ ስንማር «ለመለማመጃ ይሆንሃል» ተብሎ በነፃ የምንሠራው ማስታወቂያ፣ አርማ፣ ልደት! እንጀራ ጋጋሪ ለመለማመጃ ብላ በነፃ የጋገረችለት ሰው እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ሰሞን ግንብም መልአክም ትቼ የሰፈራችንን የውሃ ወረፋ ሳልኩ። ሰው የለበትም፤ ቢጫ ጀሪካን ብቻ፣ ከቦኖው እስከ መታጠፊያው። ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት። ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ ከዚያ በጣታቸው አንዷን ነኩ፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

«ይቺ የኔ አይደለችም እንዴ? ጆሮዋ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረላት?»

«የእርስዎ ናት፣ እትዬ።»

ደስ አላቸው። ልጆቻቸውን ጠሩ፣ አሳዩ። የልጅ ልጃቸውንም አቅፈው አሳዩት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሠዓሊ ነኝ ብዬ ቀና ብዬ ቆምኩ። ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥተው ሲነሱ ሥዕሉን እንደገና አዩትና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎበዝ ነህ ልጄ። ከኋላ ፋሲልን ብታደርግበት ኖሮማ!»