ኢሊያድ በስድስት ክሊክ

የኢንተርኔት ሻጩ የአማዞን ሠራተኞች ቀልድ ያውቃሉ። «ፕራይም» ከተባለው የክፍያ አባልነት ልውጣ የሚል ደንበኛ የሚያልፍበትን መንገድ በመሥሪያ ቤታቸው ውስጥ «ኢሊያድ» ይሉት ነበር። ኢሊያድ የሆሜር ግጥም ነው፤ ስለ ትሮይ ጦርነት ይተርካል፤ 24 ክፍልና ከ15 ሺህ በላይ ስንኝ አለው። ስሙን ያወጣው ሰው ሥራውን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን በጁን 2023 ሲከስ ይህን የቤት ስም ከነምክንያቱ ክሱ ላይ አሰፈረው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በክሱ መሠረት ለመግባት አንድ ወይም ሁለት ክሊክ ይበቃ ነበር። ለመውጣት ግን አራት ገጽ፣ ስድስት ክሊክ፣ አሥራ አምስት ምርጫ። ደንበኛው ፈልጎ ፈልጎ «አባልነትን አቋርጥ» የሚል ቁልፍ ያገኛል፤ ተመስገን ብሎ ይጫነዋል። ቁልፉ ግን አባልነትን አያቋርጥም፤ ኢሊያድን ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያጣው ጥቅም ሁሉ ይዘረዘርለታል። ቀጥሎ ርካሽ ዋጋ ይቀርብለታል። «ቆይተህ አስታውሰኝ» የሚል አለ፣ «ጥቅሞቼን ላቆይ» የሚል አለ፣ አጠገቡ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ምልክት። ደክሞት ወይም ደንግጦ ገጹን የዘጋው ሰው አባል ሆኖ ይቀራል፤ ሂሳቡም ይቀጥላል። ኩባንያው ይህን መንገድ ያሳጠረው በኤፕሪል 2023፣ ክሱ ሊመሠረት ጥቂት ሲቀረው ነበር።

ሲገቡም ቢሆን እንቢ ማለት ቀላል አልነበረም። አባል መሆን የማይፈልግ ገዢ የሚጫነው ቁልፍ ላይ «አይ፣ ነፃ ማድረሻ አልፈልግም» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ጉርሻ በቃኝ ያለ እንግዳን «አይ፣ መወደድ አልፈልግም» ብለህ ፈርም እንደማለት ነው።

ደንበኛን ይዞ የማቆየቱ ነገር ከኢንተርኔት ጋር የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። በ1926 ኒውዮርክ ውስጥ «የወሩ መጽሐፍ ክበብ» የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር፤ በ1955 ደግሞ የኮሎምቢያ የሙዚቃ ሸክላ ክበብ መጣ። የእነዚህ ክበቦች ዘዴ እንዲህ ነበር፦ በየወሩ ካርድ በፖስታ ቤት ይላክልሃል፤ «አልፈልግም» ብለህ ካልመለስኸው መጽሐፉ ወይም ሸክላው ቤትህ ድረስ ይመጣል፣ ሂሳቡም አብሮት። ዝምታ ከእሺታ ይቆጠራል። የንግድ ኮሚሽኑ በ1973 ደንብ አውጥቶ አባሉ ካርዱን ለመመለስ ቢያንስ 10 ቀን እንዲሰጠው አደረገ። ዛሬ የፖስታ ካርዱ ቀርቶ ዝምታው ብቻ ተርፏል። ሰው መርሳቱ ለሻጩ ገቢ ነው፤ መንገዱ የሚረዝመውም ስለዚህ ነው።

መንግሥታት መንገዱን ለማሳጠር ያልሞከሩ አይደሉም። ጀርመኖች እንደ ልማዳቸው ነገሩን በቁልፍ ጨረሱት፤ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከሸማች ጋር ቀጣይ ክፍያ ያለበት ውል በድረ ገጽ የሚያዋውል ሁሉ በዚያው ገጽ ላይ በግልጽ የሚነበብ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያዘዋል። አሜሪካ የተከተለችው መንገድ ይበልጥ ያስቃል። የንግድ ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2024 «በገባህበት ቅለት ውጣ» የሚል መንፈስ ያለው ደንብ አወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በጁላይ 8 ቀን 2025፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ? በኢኮኖሚው ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጽዕኖ ያለው ደንብ ሲወጣ ቅድመ ጥናት መደረግ ነበረበት፤ ኮሚሽኑ ያን ደረጃ ዘልሎታል። ደረጃ ለመቀነስ የወጣ ደንብ ደረጃ በመዝለሉ ወደቀ ማለት ነው።

አማዞን ግን አላመለጠም። ችሎቱ ሲያትል ላይ በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2025፣ ጥፋቴ ነው ሳይል 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ለመንግሥት ቅጣት ነው፤ 1.5 ቢሊዮኑ ደግሞ 35 ሚሊዮን ለሚሆኑ ደንበኞች ተመላሽ። ያ «ነፃ ማድረሻ አልፈልግም» የሚለው ቁልፍም እንዲቀር ስምምነቱ አዘዘ። መጀመሪያ ገንዘባቸው በቀጥታ እንዲመለስላቸው የተደረገው በአባልነቱ እምብዛም ያልተጠቀሙት ናቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ጥቅሙን ያልነኩ። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 51 ዶላር ነው። ካርዱን ሰጥቶ ጨርሶ የረሳው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ተካሰ፤ ስንፍና እንዲህ የተከፈለበት ዘመን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን ለአሜሪካ ነዋሪ ነው። እንዲህ ያለ የክፍያ አባልነት ውቅያኖስ ሲሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አዲስ አበባ ያለ ወጣት የብር ካርዱ ውጭ አገር እንደ ልቡ ስለማይሠራለት የዘመድ ካርድ ይለምናል። በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ አንዱን እንውሰድ። ልጁ ግራፊክስ ይሠራል፤ የሠርግ መጥሪያ፣ የካፌ ሜኑ። አክስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ነርስ ናቸው። «እትዬ፣ የግራፊክስ ፕሮግራሙ ሰባት ቀን በነፃ ነው፤ ካርድ የሚጠይቁት ለወጉ ያህል ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተው በዋትስአፕ ይልኩለታል። (ባንኮች ይህን ቢያዩ ራሳቸውን ይስታሉ።) ፕሮግራሙን የሚሸጠው ኩባንያ ያለው አንድ የአውሮፓ አገር ውስጥ ነው። ሰባቱ ቀን በሠርግ ሥራ ጥድፊያ ያልፋል፤ በስምንተኛው የዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል።

አክስትየዋ ከሥራ ወጥተው ማታ 3 ሰዓት ላይ የባንኩን መልእክት ያያሉ። ያኔ አዲስ አበባ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ቢሆንም ይደውላሉ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ምን ገዛሁ?»

ልጁ ወደ ቻቱ ይገባል። የሴት ስም ያላት ማሽን እንኳን ደህና መጣህ ትለውና መልሱ ይገኝባቸዋል ያለቻቸውን ጽሑፎች ትደረድርለታለች። ሰው፣ ሰው፣ ሰው እያለ ሲጽፍ ሰው ይመጣል። ሰውየው ትሑት ነው፤ «የካርዱ ስም ከአካውንቱ ስም ስለማይገጥም የካርዱ ባለቤት ይጻፉልን» ይላል። አክስትየዋ ይጽፋሉ። መልሱ፦ «በዚህ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት የለንም፤ የአካውንቱ ባለቤት ይጻፍልን።» አካውንት ያለው ካርድ የለውም፤ ካርድ ያላቸው አካውንት የላቸውም፤ ገንዘቡን የያዘው ኩባንያ ግን ሁለቱም አለው።

ልጁ በዚህ መሀል ጠበቃ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የተገዛን ነገር በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መተው እንደሚፈቅድ ያነብና ረዘም ያለ፣ ትንሽም ቁጣ ያለበት ደብዳቤ ይጽፋል። መልሱ አጭር ነው። አንደኛ፣ ሕጉ የሚጠብቀው እዚያ የሚኖረውን ሸማች ነው። ሁለተኛ፣ ዲጂታል ይዘት ወዲያው እንዲከፈትለት የፈቀደና በዚህም መብቱ እንደሚቀር የተስማማ ሰው እዚያም ቢኖር መብቱ ቀርቷል፤ ልጁም ሲመዘገብ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ የራይት ምልክት አድርጓል። ማካካሻ እንዲሆነው ግን ሦስት ወር በነፃ ሊጨምሩለት ዝግጁ ናቸው። መውጣት ለሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ቆይታ!

በብዙ ልመና «ጥያቄዎን ተቀብለናል፤ ውሳኔው ተመላሽ ከሆነ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀናት ይወስዳል» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ሲወስዱ ሰከንድ የበቃቸው ሰዎች ሲመልሱ ቅዳሜና እሑድን ያከብራሉ። አክስትየዋም «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ወደ ባንካቸው ይደውላሉ።

ከሁሉ የሚያዋጣውም ይኸኛው መንገድ ነው። በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ደንበኛ የሂሳብ መግለጫው በተላከለት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቃወም ይፈቅድለታል፤ ጉዳዩ እስኪጣራ የተከራከረበትን ገንዘብ አለመክፈልም ይችላል። ልጁ «ይቋረጥልኝ» ብሎ የጻፈበትን ቻት ስክሪንሾት ማንሳቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ጥያቄ ብቻ ያስቸግራል። ሕጉ ያለ ፈቃድ የተቆረጠን ገንዘብና በፈቃድ የተሰጠን ካርድ ለየብቻ ያያል፤ የባንኩም ሠራተኛ ለስለስ ባለ ድምፅ «እመቤት፣ ካርድዎን ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቃሉ?» ይላል።

አክስትየዋ ለአፍታ ያስባሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሴት ናቸው፤ አይዋሹም።

«ኧረ በጭራሽ፤ ካርዱ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው» ይላሉ። «የሄደው ፎቶው ነው።»