ከፈረሰ ወዲህ የሰፋው ሰፈር

ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ጀርመንታውን ውስጥ ውሸት ረክሷል። ድሮ «የአባቴ ቤት አራት ክፍል ነበር» የሚል ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር የሚናገረው። የሚያውቀው ሰው ክረምት ላይ አዲስ አበባ ይወርድና በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይመጣበታላ! ያም ባይሆን እናቱ አለች። ተደውሎላት «እማማ፣ ሳሎናችሁ ፎቅ ነበረው እንዴ?» ስትባል፣ «ኧረ በስመ አብ!» ትላለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን ሲያነሳው ግን ምስክሩም አብሮ ተነሳ። እናቶቹም ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል፤ ሲደወልላቸው የሚያወሩት ስለ ታክሲው ርቀት ነው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና የምንጠጣው አንድ ወዳጃችን ቤዝመንት ውስጥ ነው። እሱ ዕድሜውን ዋሺንግተን ፓርኪንግ ውስጥ የጨረሰ፣ አንደኛው ኡበር የሚነዳ፣ አንዷ ነርስ፣ ከዚያ እኔ። ሁላችንም ከቶታል እስከ ኡራኤል ባለው ውስጥ ያደግን ነን። ጣሊያን ሰፈሩን ሲቆረቁር ቪላዎቹን የሠራው ለራሱ ሠራተኞች ነበር። የእኛ ጭቃ ቤቶች የበቀሉት ከቪላዎቹ ጀርባ ነው። ከፈረሰ ወዲህ ግን ሁላችንም አንድ ረድፍ ወደ ፊት ተጠግተናል።

ነርሷ ግቢያቸው ውስጥ የግል ቧንቧ እንደነበራቸው መተረክ ጀምራለች። እኔ በባልዲ ቦኖ ወረፋ ስይዝ ከፊቴ እየገባች ስንቴ እንዳጣላችኝ እሷም እኔም እናውቃለን። የኡበሩ ሰው ውሻቸውን ከጃንሆይ ቤተ መንግሥት የመጣ ዘር አድርጎታል። መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ከቦታው መነሣቱን የሰማን ዕለት ደግሞ ሁላችንም የቤቱ ደንበኛ የነበርን ሆነን አረፍነው፤ ከመሃላችን አንዱ ግን ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጣ ነው። እኔም ሌላው ሲገነባ እጄን አጣጥፌ ማየት ስላልሆነልኝ ቤታችን ላይ በረንዳ ጨምሬያለሁ። ስንትና ስንት አባወራ ይጋራው የነበረውን መጸዳጃ ቤት ግን እስካሁን የኔ ነው ያለ ሰው አልተገኘም።

ለነገሩ ጀርመንታውን ራሷ መሸሻ ተብላ የተመረጠች ናት። አሜሪካኖቹ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽናቸውን ዋና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1958 እዚህ ያመጡት፣ ዋሺንግተን ላይ ቦምብ ቢወድቅ እዚህ ድረስ አይደርስም ብለው ነው። እኛን ያሸሸን የቤት ኪራይ ነው። ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ገፋን፤ እዚያም ሲደርስብን 270 አውራ ጎዳናን ይዘን ሽቅብ።

ታውን ሃውሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ መጀመሪያ ሰሞን ማታ ከሥራ ስመለስ የሰው በር በቁልፌ ታግያለሁ። ካዛንቺስ የነበርንበት ቤት በአዋጅ 47/67 የተወረሰ የቀበሌ ቤት ነው፤ የኛ አልነበረም። አባቴ ግን በሩን አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ የተረፈ አረንጓዴ ሲቀባው ሊቀመንበሩ ትንፍሽ አላለም። እዚህ ቤቱ የራሴ ነው፤ የባንኩ ማለቴ ነው። በሩን ሰማያዊ በቀባሁ ማግስት ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ፣ ከኤች ኦ ኤው፣ ደብዳቤ መጣልኝ፦ የተፈቀደው ቡኒ ነው። ቡኒ ቀባሁት። አሁን እንደገና የሰው በር እየከፈትኩ ነው።

የቤዝመንቱ ባለቤት ልጅ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ ነው። ወሬያችን ሲሰለቸው እሱም በራሱ ሰፈር ይቆዝማል። ጌይተርስበርግ ያለው ሌክፎረስት ሞል እ.ኤ.አ. በ2023 ሲዘጋ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። «ሱቅም ይናፈቃል?» ብለን ሳቅንበት። ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን የሚያገኘው እዚያ፣ ፀጉሩን የሚስተካከለው እዚያ። ስንስቅ ዝም አለን፤ ቂም መያዙን ያወቅነው ቆይቶ ነው።

ባለፈው እሁድ ላፕቶፑን ይዞ ወረደ። ጉግል ኧርዝ የድሮ የሳተላይት ምስል ያስቀምጣል ለካ! ጊዜውን ወደ ኋላ ሲጎትተው ሰፊው መንገድ ጠፋና ካዛንቺስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆና ብቅ አለች። ቤዝመንቱ ጸጥ።

«አባዬ፣ ቪላው የቱ ነው?»

«ከላይ አይታይም» አለ አባት። «ቪላ የሚታየው ከፊት ነው።»

ነርሷ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በጣቷ አንዲት ቡናማ ነጥብ ተጫነች። «ይቺ የዛገችው የኛ ናት!»

«የምን የናንተ!» የኡበሩ ሰው ሲኒውን አስቀመጠ። «የኛ ናት እንጂ! ነፋስ እንዳይወስዳት ላይዋ ላይ ድንጋይ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

«እናንተ የቤተ መንግሥት ውሻ ያሳደጋችሁ ሰዎች ዝገት ውስጥ ምን ዶላችሁ?»

«እናንተስ የግል ቧንቧ ያላችሁ?»

እነሱ በዝገት ሲጣሉ፣ ባለቤቱም «ተውት፣ የኛ ናት» ብሎ ሲገባበት፣ እኔ ቀስ ብዬ ወደ ልጁ ተጠጋሁና ከሷ በስተግራ ያለችውን አጉላልኝ አልኩት። አጎላት። ሁለታችንም አየናት።

«በረንዳው የታለ?» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።