የጓሳ አራዊትና የማለዳው ሹም

ተረት ተረት። የላም በረት።

በመንዝ ምድር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። መንዜዎች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያከርሙና ሲደርስ በወጉ አጭደው ቤት ይከድኑበታል፣ ገመድ ይገምዱበታል። ሌሊት ውርጭ ይጋገርበታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስታገኘው ውርጩ ይቀልጣል። በዚያ ደጋ የሚኖሩ አራዊት የየራሳቸው መንቂያ ነበራቸው።

ጭላዶች ሌሊቱን ገደሉ ላይ፣ በድንጋይ እርከን ተቃቅፈው ያድራሉ። ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ወዲያው ግን ወደ ግጦሽ አይሄዱም። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈትሻል፣ ሕፃን ይጠባል፣ ያኮረፈ ይታረቃል። ሣር መንጨት የሚጀምሩት ጣታቸው ሲፍታታ ነው። ቀይ ቀበሮም አይቸኩልም፤ የቀን አይጥ ምድር ካልሞቀ ከጉድጓዷ አትወጣምና ጅራቱን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ይቆያል። ንብም ብርዱ ካልለቀቀ አትበርም። ጉጉት ደግሞ ሌሎቹ ሲነቁ ትተኛለች፤ የሌሊት አይጥ ስታድን አድራለችና። እንዲህ ቀኑን ቀበሮ፣ ሌሊቱን ጉጉት የሣሩን ሥር ሲጠብቁ ዘመን አለፈ።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ሣሩ ቀጨጨ። አራዊቱ ሸንጎ ተቀመጡና “ምን በድለን ነው?” ተባባሉ።

በዚያ ሰሞን አንድ አውራ ዶሮ ከታች ከመንደር ኮብልሎ ጓሳ ወጥቶ ነበር። ክንፉን አራግፎ ተነሣና፣ “እኔ በነበርኩበት አገር ጎተራው ሙሉ ነው። ሰዉ የሚነሣው እኔ ስጮህ ነው። እናንተ ፀሐይ ስትሞቁ ይረፍድባችኋል። ሣሩን ያቀጨጨው እንቅልፋችሁ ነው” አለ።

ዝናቡን ያነሣ አልነበረም። ሸንጎው አውራ ዶሮን የማለዳ ሹም አድርጎ ሾመው፤ አዋጅም ተነገረ፦ “ጎህ ሳይቀድ ሁሉም ሜዳው ላይ ይቁም!”

በማግስቱ ሁሉም ቆሙ። እመት ጭላዳ ልጇን በሆዷ ለጥፋ ውርጩ ላይ ተቀመጠችና ሣሩን ልትነጭ ሞከረች። ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ቅጠሉን ስትይዘው ያመልጣታል። መልሳ መላልሳ ሞክራ ሲያቅታት በሁለት መዳፏ ጨምድዳ ጎተተችው፤ ሣሩ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሎ መጣ። ጎረቤቷም እንዲሁ አደረገች። ንብ አዋጅ አክብራ ወጣችና ሁለት ክንድ ሳትርቅ ውርጩ ላይ ወደቀች፤ እግሮቿን ሰብስባ እዚያው ቀረች። ቀበሮ በአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ከጎህ በፊት ጀምሮ ተገተረ። ፀሐይ ወጥታ አይጧ ብቅ ስትል እሱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሹሙ መዝገብ ያዘ። በመዝገቡ የሚጻፈው የቆመና ያልቆመ ነው። የበላና ያልበላ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም።

እመት ጉጉት ሌሊቱን ስታድን አድራ ከሁሉም ጋር ቆመች። ፀሐይ ስትወጣ ዓይኗ ተከደነ። “በሥራ ሰዓት ተኝታ ተገኘች” ተብላ ሸንጎ ቀረበች። ጉጉት ሰነፍ ሆና አታውቅም፤ ይህን ጓሳ ያደረ ሁሉ ያውቃል። የተፈረደባት ግን ሌሊት እንድትተኛ ነው። ተኛች።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ተመለሰ፤ ሣሩ ግን አልተመለሰም። የሌሊት አይጥ ጠባቂ አጥታ፣ የቀን አይጥም ቀበሮ እያንቀላፋላት፣ ከላይ ያልተነቀለውን ከሥር ጨረሱት። ሸንጎው ተሰበሰበ። አውራ ዶሮ መዝገቡን ገለጠና፣ “አሁንም አርፍደን እየተነሣን ነው” አለ። ጩኸቱ ወደ እኩለ ሌሊት ተሳበ።

በቀን መቆም ያቃታቸው በዙ። ጥንቸል ግን ዓይኗን ገልጣ መተኛት ትችል ነበርና ስሟ በመዝገቡ በቀይ ተጻፈ። ትምህርት ቤት ተከፈተላት። ጭላዳውም ሚዳቋውም ዓይን ገልጦ መተኛትን ሊማሩ ሰልፍ ያዙ። ያለፉት ሜዳው ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲተኙ ሹሙ በመካከላቸው እየተንጎራደደ፣ “ይኸው! አገር ነቃ!” ይል ነበር።

ከጭላዶቹ መካከል አንድ ጎረምሳ ነበር። የሚያድረው እስከ ረፋድ ጥላ በማይለቀው እርከን ነው፤ ሁልጊዜ ሜዳ የሚደርሰው ለምለሙ ከተበላ በኋላ ነበር። በየጩኸቱ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይቀጣል። አያቱ አንድ ማታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

“ልጄ፣ በአንድ ሌሊት ሌላ ፍጥረት አትሆንም። ዛሬ ጨዋታውን ትንሽ ቀደም ብለህ ተውና ተኛ፤ ነገ ደግሞ ጥቂት ጨምርበት። መኝታህን ከዚህ ጥላ አውጣ፤ የመጀመሪያዋ ብርሃን ፊትህ ላይ የምታርፍበት ቦታ አለ፣ አሳይሃለሁ። ስትነቃ አትዝለል። ተቀመጥ፣ ይሙቅህ፣ ጣትህን ጨበጥ ዘርጋ አድርገው። ከዚያ ሆድህ ራሱ ያስነሣሃል።”

“ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል፣ እማማ?”

“ይፈጃል። አንድ ቀን ቢያመልጥህ በማግስቱ ቀጥል እንጂ አትማረር። እንደ ታላቅ ወንድምህ ማለዳ የምትዘፍን አትሆንም፤ ጠግበህ ግን ትውላለህ።”

ጎረምሳው እንዳለችው አደረገ። መጀመሪያ ምንም አልተለወጠም። ጨረቃ ሞልታ ስትጎድል ግን ብርሃን ሲነካው ይነቃ ጀመር፤ ጣቱ ይታዘዘዋል፣ ሣሩን ሥሩን ሳይነካ ይነጨዋል። ስሙ ሸንጎ ደረሰ።

“ማን ጠርቶህ ነው የነቃኸው?” አለው ሹሙ።

“ፀሐይ።”

“ፀሐይ ሹመት አላት?”

መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ተገለበጠ፤ የፀሐይ ስም አልተገኘም። ጎረምሳው ያለ ጥሪ በመንቃቱ ተቀጥቶ ወደ ጥላው እርከን እንዲመለስ ተፈረደበት። አያቱ ልትናገር ተነሣች፤ ተራዋ አልደረሰም ተባለች።

ሣሩ ይባስ ሳሳ። ጩኸቱም ከእኩለ ሌሊት ወደ አመሻሽ ተሳበ። “ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ማለት የነገን ማለዳ ዛሬ ማታ የሚጀምር ነው” አለ ሹሙ፤ ሸንጎውም አጨበጨበ። በዚያ ምሽት ጀምበር ስትገባ አራዊቱ እየተንገዳገዱ ሜዳው ላይ ቆሙ። ብርቱ ሆና የተገኘች አንዲት ነበረች፦ እመት ጉጉት። ሰዓቷ ነበርና ዓይኗ ቦግ ብሎ፣ ላባዋ ተበጥሮ መጣች። “ይህች ናት ማለዳ ተነሺ!” ተብሎ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደረገላት። ምስጢሯን እንድትናገር ተጠየቀች።

“ምስጢር የለኝም” አለች። “ስነቃ ወዲያው አልበርም። ቅርንጫፌ ላይ እቀመጣለሁ። አንዱን ክንፌን እዘረጋለሁ፣ ሌላውን እዘረጋለሁ። ያልተፈጨልኝን አጥንትና ጠጉር አድበልብዬ እተፋለሁ። ከዚያ አድናለሁ። ለእኔ የሚስማማኝ ይህ ነው።”

የመጨረሻዋን ቃል የሸንጎው ጸሐፊ አልሰማትም። በማግስቱ አዋጅ ወጣ፦ ማንም ሲነቃ አጥንትና ጠጉር አድበልብሎ ይትፋ። ጥንቸል ሁለት ቀን ስታስል ሰነበተች። ሕፃናት ጭላዶች የጠቡትን ወተት መለሱ። ሚዳቋ የሌላ ጠጉር ለቅማ አፏ ውስጥ እያድበለበለች ስታስመዘግብ ተያዘች።

አውራ ዶሮ ደግሞ እንደ ዘሩ ሁሉ ሲመሽ ዓይኑ አያይም። ድሮ በዚያ ሰዓት ቆጥ ላይ ነበር። አሁን ግን በድንግዝግዙ ቆሞ ስም ይጠራል። “ቀበሮ!” ሲል ከጨለማው “አለሁ” ይባላል። “ጥንቸል!” ሲል “አለሁ” ይባላል። ቀበሮና ጥንቸል ግን በየጎሬያቸው ተኝተዋል። ስለ ሁሉም “አለሁ” የሚለው ሸለመጥማጥ ነበር፤ እሱ ሌሊት ለሌሊት የሚሄድ ነውና የዶሮ ድምፅ ሰምቶ መጥቷል፣ አንድም ምሽት ቀርቶ አያውቅም።

መዝገቡ እንደዚያ ሰሞን ሞልቶ አያውቅም። ሹሙ በጣም ደስ አለው። አንድ ምሽት፣ “ይህ ከሁሉ ቀድሞ የሚመልስልኝ ማን ነው? እስቲ ጠጋ በልና ስምህን በጆሮዬ ንገረኝ” አለ። ሸለመጥማጥም ጠጋ አለ።

በማግስቱ የሚጮህ ጠፋ። አራዊቱ እንደ ጥንቱ ፀሐይ ስትሞቃቸው ነቁ፤ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ሙሉ እንቅልፋቸው ነበር። ነቅተው ግን ደነገጡ። “አረፈድን!” ብለው እየሮጡ ሸንጎ ተቀመጡ። አያትየው ጭላዳ ስለ አይጦቹ፣ ስለ ሣሩ ሥርም ትናገር ጀመር፤ “መጀመሪያ ሹም ይሰየም” ብለው አስቀመጧት። መዝገቡ ተገለጠ። በመዝገቡ ስም ሁሉ አንድም ምሽት ሳይቀር “አለሁ” ያለው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሸለመጥማጥ በአንድ ድምፅ ተሾመ።

አዲሱ ሹም መጀመሪያ ያዘዘው ከመንደር ሌላ አውራ ዶሮ እንዲመጣ ነው፤ ከተቻለም ከነሚስቶቹ።