ከእንጅባራ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ

ከእንጅባራ የመጣን የአገው ፈረሰኞች አዲስ አበባን በአንድ ቀን ልናዳርሳት ነበር ያሰብነው። ዕቅዱን ያወጣው አብሮን የመጣው ወጣት መምህር ነው። ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ፣ ቀጥሎ እዚያው ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከሰዓት ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት፣ ሲመለሱ ቅድስት ሥላሴ። አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣ ሰው አንዱንም ቀንሱ ቢሉት እሺ አይልም።

አራዳ ጊዮርጊስ ላይ ቆየን። ባለ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ዞረን፣ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች አንጋጠን አየን። ለእኛ ይህ ደብር ከሌላው ይለያል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው የተገኘው፤ የሰማዕቱ ታቦትም አብሮ ዘምቷል። የእኛም በዓል በየዓመቱ ጥር 23 በዚያው በሰማዕቱ ቀን ይውላል። ዓድዋ የወደቁትን ፈረሰኞች ብቻ ሳይሆን ፈረሶቹንም የምናስብበት ቀን ነው።

ከግቢው ስንወጣ ቆጠርን፤ ከሁላችንም አንጋፋ የሆኑት አባታችን የሉም። ስልካቸው አይነሣም። ጠዋት «መርካቶ ልጓም እገዛለሁ» ብለው ስለነበር ግማሾቻችን ወደ መርካቶ ሮጡ። መርካቶ ሰው ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስቱ ደግሞ ሌላ ሰፈር ገብተው እነሱም ተፈላጊ ሆኑ። ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። መምህሩ የዕቅዱን ወረቀት ከኪሱ ሲያወጣው በስብሶ ነበር።

አባታችን ግን ከቦታው አልራቁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ምኒልክ አደባባይ፣ ከንጉሡ ሐውልት ሥር ቆመው ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምራሉ። ዝናቡ ጋቢያቸውን አርሶታል። እኛ በጠዋት ቀና ብለን አይተን ያለፍነውን የሐውልቱን ፈረስ እሳቸው ከኮቴው እስከ ጋማው ሲመረምሩት አርፍደዋል።

«እንዲህ በኋላ እግሩ የተነሣ ፈረስ ላይ ልጓም ከሳብህ አብረህ ትወድቃለህ» ይላሉ። «ወደ አንገቱ ዘንበል ነው የሚባለው።»

«አባታችን፣ ስንት ሰዓት ፈለግንዎት!» አለ መምህሩ።

«ፈረስ ካለበት ሌላ ወዴት እሄዳለሁ ልጄ?»

መልስ አልነበረንም። መምህሩ ንዴቱ በርዶለት የሐውልቱን ታሪክ ነገራቸው። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን አዲስ አበባን እንደያዘ ነቅሎ መሬት ውስጥ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ተመልሶ ቆመ።

አባታችን ዝም ብለው አሰቡ። «የፈረሰኞች ማኅበራችንን አባቶቻችን ያቋቋሙት በ1932 ነው» አሉ። «እንግዲያው ይህ ፈረስ ከመሬት በታች ሳለ ነው!»

ከመካከላችን ይህን አያይዞ ያየ አልነበረም። ጠላት የዓድዋን ፈረስ አዲስ አበባ ላይ ቀብሮት ሳለ፣ አዊ ላይ ገበሬው የዓድዋን ፈረስ ለማሰብ ማኅበር ጠጣ፤ ያውም አገሩ በጣሊያን እጅ እያለ። ዛሬ ከ60,000 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር የተጀመረው በዚያ ዘመን ነው። የመሪዎቹን ፈረሶች ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የአሉላ አባ ነጋ፣ የባልቻ አባ ነፍሶ፣ የመኮንን አባ ቃኘው። የገበሬው ዳማና ጉራች ግን በየትኛውም የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የለም። እነዚያን የሚያስባቸው የጥር 23 ጉግስ ነው፤ ስለዚህ የእኛ በዓል ከማንኛውም ሙዚየም አያንስም ብዬ አምናለሁ።

የጠፉት ሦስቱ ተገኝተው እስክንሰበሰብ ቀኑ አለቀ። ብሔራዊ ሙዚየሙ የሚዘጋበት ሰዓት አልፏል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ መታሰቢያም ከውጭ ብቻ አየነው። ስድስት ኪሎ ግን ደረስን። የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ እየዞርን አየን። አባታችን አንዱን ሥዕል ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አላለፉም፤ ማንም አላቻኮላቸውም።

ማታ እራት ላይ መምህሩ አዲስ ዕቅድ ማውጣት ጀመረ። አባታችን «ሁለት ቀን ይሁን፤ አንዱ ለፈረሱ» አሉት። ከዚያ በፊት ግን በመጪው ጥር 23 እንጅባራ ላይ የተቀበረውን ፈረስ ታሪክ በአውኚ ለልጆቹ እንዲነግሩልን ለመንናቸው፤ እሺ አሉን።