ሁለት አውራ በአንድ ግቢ፦ ስለ አብሮ መኖርና ስለ መለያየት የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በሚዛን ተፈሪ ሁለት አውራ ዶሮ ላኑር ብሎ ያቀደ ሰው የለም። ሁለተኛው አውራ ሳይታሰብ ይመጣል። ወይ «ቄብ ናት» ተብላ የተገዛችው ጫጩት አንድ ንጋት ላይ ትጮኻለች፤ ወይ ከሸኮ የመጣ አማች እግሩን አስሮ ይዞት ይመጣል፤ ወይ ለገና ዋጋ ሳይወደድ ተገዝቶ በዓሉ እስኪደርስ ቤተኛ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አንድ ነው፦ አብረው ይኑሩ ወይስ ይለያዩ?

በጉዳዩ ላይ ሦስት ጎራዎች አሉ። አባወራው «ተዋቸው፣ ይላመዳሉ» በማለት የአብሮነትን ጎራ መሥርቷል። እማወራዋ፣ ሰሌን ላይ ያሰጣችውን ቀይ ቡና እየተባረሩ የሚበትኑባት እነሱ ስለሆኑ፣ የመለያየትን ጎራ ትመራለች። አማቲቱ ደግሞ «ምን ያነታርካችኋል ልጆቼ፣ አንዱን እረዱት» ይላሉ። ይህ ሦስተኛው ጎራ በንድፈ ሐሳብ ደካማ ቢሆንም በተግባር ተሸንፎ አያውቅም።

የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ

ኖርዌጂያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ኖሮ፣ ማን ማንን እንደሚነቁር በዶሮዎች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት መኖሩን በ1921 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ንጋት ላይ ቀድሞ የመጮኽ መብት የበላዩ አውራ እንደሆነ፣ የበታቾቹም በየማዕረጋቸው እንደሚከተሉ አሳዩ። በእኛም አገር የቴፒ ዶሮ ከሆሮ፣ ከጃርሶ፣ ከጥሊሊና ከጨፌ ዶሮዎች ጋር ተሰልፋ መልኳም ዘሯም ተጠንቷል። ለዚህ ጥናት የተረፈው ባለቤቶቹን መመልከት ብቻ ነው።

የአጠናን ዘዴ

ናሙናዎቹ አንድ ቀይና አንድ ገብስማ አውራ ናቸው። መረጃው የተሰበሰበው በራፍ ላይ በርጩማ ተቀምጦ ሲሆን፣ የጊዜ መለኪያው አቦል፣ ቶናና በረካ ነው።

ግኝቶች

በአቦል ሁለቱ አውራዎች ገጠሙ። የአንገታቸው ላባ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተፋጠጡ። በዚህ መሐል ቀዩ ድንገት ጎንበስ ብሎ ምንም የሌለበትን መሬት መልቀም ጀመረ፤ ገብስማውም ተከተለው። የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ይህን ያውቁታል፤ «ልግጠም ወይስ ልሽሽ» የጨነቀው አውራ እህል የሚለቅም ይመስላል። በዚያው ቅጽበት አባወራው «ገላግላቸው እንጂ!» ሲባል ስልኩን አውጥቶ ሲነካካ ተመዝግቧል።

በቶና ተዘላለሉ፣ በእግራቸው ተማቱ፣ የገብስማው ላባ ቡናው ላይ በነነ። በረካ ሲደርስ ገብስማው እንሰቱ ሥር ገብቶ ነገሩ አለቀ። በማግሥቱ ንጋት ቀዩ ቀድሞ ጮኸ፤ ገብስማው ተራውን ጠብቆ ተከተለ። የባልና ሚስቱ ክርክር ግን በረካውንም ተሻግሮ ቀጥሏል።

ሁለተኛው ግኝት፣ የጠቡ መንስኤ ከጠባይ ይልቅ ሒሳብ መሆኑ ነው። የዶሮ እርባታ ባለሙያዎች ለአንድ አውራ 10 ያህል ሴት ዶሮ ይመክራሉ። በግቢው ያሉት ሦስት ናቸው። ጥሬው የሚበተነውም አንድ ቦታ ነው፤ ቆጡም አንድ ነው።

የአካባቢው ተሞክሮ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. 11ኛው ክልል ሆኖ ሲመሠረት «መቀመጫው የት ይሁን?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። መልሱም ቦንጋ፣ ታርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ፣ አራቱም ሆነ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ሁለት ከተማ በስሙ ይዞ፣ በሁለቱም ግቢ ከፍቶ ይኖራል። ይህ ጥናት ከተሞችን ከአውራ ዶሮ ጋር አያወዳድርም፤ ያወዳደረ አንባቢ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። የሚያሳዝነው፣ በክልል ደረጃ የተገኘው መላ እስካሁን ወደ ጓሮ አለመውረዱ ነው።

የጥናቱ ውሱንነት

ናሙናው ከመነሻው ትንሽ ነበር፤ ገና ሲደርስ ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። በሦስተኛው ጎራ አቅራቢነት 12 ብልት የሆነው አሸናፊው ቀዩ ነው፤ ሥጋው ይበልጣል። በማግሥቱ ገብስማው ማንንም ሳይጠብቅ ጮኸ።

ማጠቃለያ

አብረው ያደጉ አውራዎች አብረው ይኑሩ። እንግዳ አውራ በድንገት አይቀላቀልባቸው። ሴት ዶሮ ካነሰ ይለዩ፤ ካልተለዩም ጥሬው ሁለት ቦታ ይበተን፣ ቆጡም ሁለት ይሁን። ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። ሁለተኛ ቆጥ ለመሥራት የሰነፈ ሰው ግን ክርክሩን ትቶ አማቱን ይስማ።